አንድ ቦርሳ ለቀን ጉዞም ለአዳርም፦ መጀመሪያ ጀርባሽን ለኪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው፤ ክብደቴ 52 ኪሎ። ከጓደኞቼ ጋር በወር ሁለት ሦስት ጊዜ በእግር እንወጣለን። እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ አንዳንዴ ወንጪ። የምይዘው የድሮ የላፕቶፕ ቦርሳዬን ነው። ከሰዓት ሲሆን ትከሻዬና ማጅራቴ ይቃጠላል። አንድ ሁለት ጊዜ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ኅዳር ላይ መንዝ ጓሳ አንድ ሌሊት ለማደር አስበናል። ለቀኑም ለአዳሩም የሚሆን አንድ ቦርሳ ብገዛ ስንት ሊትር ይሁን? የትኛው ብራንድ ይሻላል? እህቴ ዋሽንግተን ናት፤ ጥቅምት ላይ ትመጣለች። እሷ ታምጣልኝ ወይስ ከመርካቶ ልግዛ?»

እህቴ፣ ከሊትሩም ከብራንዱም በፊት ስለ ጣቶችሽ ላውራ። ከአንገት ተነስተው በትከሻ በኩል ወደ ክንድ የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ቀጭን ማንገቻ ለሰዓታት እዚያ ላይ ሲጫን ነርቮቹን ይጨቁናቸዋል። ጣት የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ስላልለመድኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ አትለፊው። ቦርሳው ስላልሆነሽ ነው። አውርደሽ ካረፍሽ በኋላ መደንዘዙ እስከ ማግስቱ ከቆየ ደግሞ ሐኪም ይየው።

ሰው ይዤ ተራራ መውጣት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ዙሪያ ነኝ። በጋ ሲሆን ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ባሌ እሄዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት እግሩ አልሄድ ብሎት ከመንገድ የቀረ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ትከሻው ተቃጥሎ፣ ወገቡን አሞት ቀኑ የተበላሸበት ግን ስንቱን አየሁ። ከእነሱም አብዛኞቹ የያዙት ዕቃ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ችግሩ ዕቃው የተንጠለጠለበት ቦታ ነው።

አንቀልባን አስቢ። እናት ልጇን ስታዝል መጀመሪያ ጎንበስ ትላለች። ልጁን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች። ከዚያ እንዲለጠፍባት አጥብቃ ታስረዋለች። የ8 ወይም የ10 ኪሎ ልጅ አዝላ ወጥ ትሠራለች፣ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ያንኑ ልጅ ላላ አድርጋ ብታስረው፣ ወደ ታች ወርዶ ወደ ኋላ ቢጎትታት፣ መንገዱን ሳታጋምስ ወገቧ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ያው ልጅ ነው። የተለወጠው ከጀርባዋ ያለው ርቀት ነው። ጥሩ የጀርባ ቦርሳም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ ሸክሙን ከትከሻሽ አንስቶ ዳሌሽ ላይ ያሳርፈዋል።

የላፕቶፕ ቦርሳሽ ለዚህ አልተሰፋም። ከታክሲ ቢሮ፣ ከቢሮ ታክሲ ነው ሥራው። የወገብ ቀበቶ የለውም። ጀርባው የሰው ጀርባ ቅርጽ የለውም። ለሃያ ደቂቃ ምንም አይልም። ለስድስት ሰዓት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሜትር ፈልጊ። የልብስ ሰፊው ዓይነት፣ እንደ ጥብጣብ የሚተጣጠፈው። አጠገብሽ አንድ ሰው ይኑር፤ ለብቻ አይለካም። አንገትሽን ወደ ፊት ድፊ። ከማጅራትሽ ሥር አንድ አጥንት ጎላ ብሎ ይወጣል። መነሻው እሱ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን እጆችሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ፣ የተቆጣ ሰው እንደሚቆመው። ወደ ታች ጫን ስታደርጊ የዳሌ አጥንትሽ የላይኛው ጠርዝ ይሰማሻል። አውራ ጣቶችሽ ወደ ኋላ ይዙሩ። ከአንዱ አውራ ጣት ወደ ሌላው በሐሳብሽ መስመር አስምሪ። ከላይኛው አጥንት እስከዚያ መስመር ያለው ነው የጀርባሽ ልክ። ሜትሩ የአከርካሪሽን ጉብጠትና ስርጉድ ተከትሎ ይውረድ። በአየር ላይ ከተወጠረ ልኩ ያጥራል።

በአንቺ ቁመት ከ38 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ትወድቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ግን በቁመት አትተማመኚ። 1 ሜትር ከ75 የሆነ፣ እግሩ ረጅም ጀርባው አጭር ሰው ለክቼ 43 አግኝቻለሁ። 1 ከ60 የሆነች ሴት ደግሞ 45 ሆናብኝ ታውቃለች። አብዛኞቹ ቦርሳ ሠሪዎች ትንሽ የሚሉት ልክ ከ38 እስከ 43 አካባቢ ነው። መካከለኛው እስከ 48 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ትልቅ ነው። ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ጥቂት ስለሚለያይ ሠንጠረዡን ማየት ያስፈልጋል።

ቦርሳው ከጀርባሽ ከረዘመ የወገብ ቀበቶው መቀመጫሽ ላይ ይወርዳል። ማንገቻውም ከትከሻሽ ተነስቶ አየር ላይ ይቀራል። ካጠረ ደግሞ ቀበቶው ሆድሽ ላይ ይወጣና ትንፋሽ ያሳጥርሻል። ሁለቱም ሲሆን ሸክሙ ተመልሶ ትከሻ ላይ ነው። በሺዎች ብር የተገዛ ቦርሳ ይዞ የሚሰቃይ ሰው ካየሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። ጥር ላይ ወንጪ ነበርን። ወንጪን ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ወደ ሐይቁ መውረዱ ጨዋታ ነው፤ ከሰዓት መውጣቱ ነው ፈተናው። አንዲት ልጅ ዳገቱ ላይ በየአሥር እርምጃው ትቆማለች። ሁለት አውራ ጣቶቿን ማንገቻው ሥር አስገብታ ወደ ፊት ትገፋዋለች። ይህን ምልክት ሳይ አውቃለሁ፤ ትከሻዋን ለማሳረፍ ሸክሙን በእጇ እየያዘችው ነው። ፈረስ እንከራይ አልናት፤ እንቢ አለች። እሺ፣ እንቀመጥ።

ቦርሳዋን ሣሩ ላይ ዘረገፍነው። ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ወጣ፤ አንዱ አልተነካም። የብርጭቆ ምሳ ዕቃ ከነክዳኑ። ጂንስ ሱሪ፣ «ብረጥብስ» ብላ። ፓወር ባንክ፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ቆሎ በፌስታል። የሻንጣ መመዘኛ ትንሽ ሚዛን ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለች፤ አንጠለጠልነው። ከ8 ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል። የወገብ ቀበቶ ነበረው፤ እሷ ግን «ይረብሸኛል» ብላ ወደ ኋላ አዙራ አስራዋለች።

ምንም አልጣልንም። ውሃዎቹን ከጀርባዋ ጋር አጣብቀን አቆምናቸው። ጂንሱን ታች፣ ቆሎውን ላይ። ቀበቶውን ፈትተን ዳሌዋ አጥንት ላይ አሰርነው። ማንገቻውን ቦርሳው ጀርባዋ ላይ እስኪለጠፍ ሳብ አደረግነው። ተነስታ ሄደች። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አላለችም። ከዚያ ዞር ብላ «ማንገቻው የት ሄደ?» አለችኝ። ትከሻዋ ላይ ነበር። ክብደቱ ግን እዚያ አልነበረም።

ይህን ያመጣሁት የወገብ ቀበቶን ነገር በደንብ እንድታይልኝ ነው። ትናንሽ ቦርሳዎች ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሁለት ጣት የሚሆን ስስ ጥብጣብ ብቻ ነው። ቦርሳው ወዲያ ወዲህ እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ አይሸከምም። ሁለተኛው ስፖንጅ ያለው ክንፍ ነው። ከቦርሳው ታች ተነስቶ የዳሌሽን አጥንት ከጎን አቅፎ ወደ ፊት ይመጣል። አንቺ የምትፈልጊው ይኼኛውን ነው። ለእንጦጦ ግማሽ ቀን፣ 3 ኪሎ ይዘሽ፣ ጥብጣቡም ይበቃሻል፤ እዚያ ላይ ገንዘብ አውጪ አልልሽም። ጓሳ ስታድሪ ግን 8 ወይም 9 ኪሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ክንፉ ከሌለ ትከሻሽ ነው የሚከፍለው።

የሚታሰርበትንም ቦታ ልብ በይ። መቀነት የሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ ከዚያ ዝቅ ይላል። የቀበቶው መሃል ልክ የዳሌሽ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ላይ ይረፍ። ግማሹ ከአጥንቱ በላይ፣ ግማሹ በታች። ይዞ እንደሆነ ለማወቅ አጥብቂውና ሁለቱንም ማንገቻ ሙሉ በሙሉ አላሊ። ቦርሳው ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ወደ ታች ከተንሸራተተ ግን ወይ ቀበቶው ሰፍቶሻል፣ ወይ ቅርጹ ላንቺ ዳሌ አይደለም።

ለሴት ተብለው የሚሰፉ ቦርሳዎች አሉ። ልዩነቱ ቀለም የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ጀርባቸው አጠር ይላል። ማንገቻቸው ጠበብ ብሎ ደረትን ዞሮ እንዲያልፍ ጎበጥ ተደርጎ ይሰፋል። የወገብ ክንፋቸውም የሴት ዳሌ እንደሚሰፋ ጋደል ይላል። አንቺ አጠር ስለምትይ መጀመሪያ እነሱን ሞክሪ። ካልተመቸሽ ግን ተይው፤ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ብዙ ሴቶች የወንዱ ይሻላቸዋል። ሰውነታቸው ቀጠን ያለ ወንዶችም የሴቱን ይዘው በደስታ ሲሄዱ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቦርሳው ጀርባ ልምጣ። ቦርሳ አጥንት አለው ወይም የለውም። አጥንት የሌለው ጨርቅና ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ቀላል ነው፤ ግን ከ5 ኪሎ ሲያልፍ እንደ ጆንያ ያብጥና ምሳ ዕቃሽ ጀርባሽን ይወጋዋል። ሌላው ዓይነት ውስጡ የላስቲክ ሰሌዳ ወይም ስስ የአሉሚኒየም ዘንግ አለው። ሸክሙን ወደ ወገብ የሚያወርደው ይህ አጥንት ነው፤ ቀበቶ ብቻውን ይህን አያደርግም። ሦስተኛው ከሽቦ የተሠራ ክፈፍ ላይ መረብ የተወጠረበት ነው። መረቡ ጀርባሽን ይነካል፤ ቦርሳው ራሱ ከጀርባሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ በመሃል ነፋስ ያልፋል።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪው መረቡ ልብ ይሰርቃል። ላብ ለሚያስቸግረው ሰው፣ አዋሽ በረሃ አካባቢ ለሚሄድም በጣም ጥሩ ነው። እኔ ግን ላንቺ ሁለተኛ ምርጫ አደርገዋለሁ። ምክንያቴ አንቀልባው ነው። መረቡ ሸክሙን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያርቀዋል፤ ቁልቁለት ላይ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ስትረግጪ ያ ርቀት ይሰማል። ክፈፉ ጎበጥ ስለሚል የውስጡን ቦታም ይበላል፤ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት፣ ስታስገቢ ያስቸግርሻል። የምትሄጂባቸው ቦታዎች ደግሞ ደጋ ናቸው። እንጦጦ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ከላቡ ይልቅ ቆም ስትይ የሚመታሽ ብርድ ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ስፖንጁ ላይ የአየር መተላለፊያ ቦይ ያለው፣ ከውስጥ ሰሌዳ ያለው ቦርሳ ምረጪ።

ሊትሩን ጠይቀሽኛል። አንድ ቦርሳ ብቻ ከሆነ ከ28 እስከ 30 ሊትር። እስከ 32 ብትደርሺም አልከፋም። ለቀን ብቻ ቢሆን 20 ሊትር ይበቃሽ ነበር። ለአዳር ብቻ ቢሆን ደግሞ 38 ወይም 40 እልሽ ነበር። 20 ሊትሩ ለጓሳ አይሆንም፤ የሙቀት ስሊፒንግ ባግ ብቻውን ከ10 ሊትር በላይ ይይዛል። 40 ሊትሩ ደግሞ በቀን ጉዞ ግማሽ ባዶ ይሆናል፤ ዕቃው ታች ይከማቻል፤ ቦርሳው ይላላል። ደግሞ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ይሞላዋል። ይህን ሁልጊዜ ነው የማየው።

30 ሊትሩ ለሁለቱም እንዲሆን አንድ ነገር ይኑረው፤ ከጎኑ ግራና ቀኝ የሚያጠብቁት ጥብጣቦች። ለእንጦጦ ስትወጪ ሳብ ሳብ አድርገሽ ታኮማትሪዋለሽ። ለጓሳ ስትሄጂ ትፈቺዋለሽ። በእነዚያው ጥብጣቦች ወይም ከታች ባለው ማሰሪያ የፎም ማት (ሲተኛ መሬት ላይ የሚነጠፈውን ስስ ፍራሽ) ጠቅልለሽ ከውጭ ታስሪያለሽ። ማቱ ቀላል ነው፤ ውጭ ቢሆን አይጎዳም። ከባድ ነገር ግን ውጭ አታንጠልጥዪ። ድስትና ኩባያ እያንቃጨለ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚመስል አንቺም አይተሻል፤ በየእርምጃው ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

በክብደት እናስላው። ለቀን ጉዞ ከሰውነት ክብደት አሥር በመቶ አካባቢ፣ ለአዳር ከሃያ በመቶ አለማለፍ የተለመደ መነሻ ነው። ላንቺ 5 ኪሎና 10 ኪሎ ማለት ነው። ቦርሳው ራሱ 1 ኪሎ ይሁን። ውሃ 2 ሊትር፣ 2 ኪሎ። ምሳና ቆሎ ግማሽ ኪሎ። የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ የራስ ባትሪ፣ ሲደመር 1 ኪሎ። አራት ተኩል ሆነ፤ የቀኑ ይኸው ነው። አዳር ሲሆን ስሊፒንግ ባግ 1 ኪሎ ተኩል፣ ማት ግማሽ ኪሎ፣ የሌሊት ልብስ 1 ኪሎ፣ የእራትና የቁርስ ምግብ 1 ኪሎ ጨምሪበት። ስምንት ተኩል። ድንኳን ካለ ለሁለት ተካፈሉት፤ አንዷ ጨርቁን፣ ሌላዋ ዘንጉንና ካስማውን። 10 ኪሎ ሳይሞላ ይቆማል። ጭኮ ወይም በሶ ከያዝሽ የምግቡ ክብደት ራሱ ይቀንሳል፤ ትንሹ ብዙ ያጠግባል።

ጋቢ አትርሺ የሚሉ አሉ። እኔም ጋቢ እወዳለሁ። ቦርሳ ውስጥ ግን ቦታ ይበላል፤ ከረጠበ ደግሞ አይነሳም። መኪና ውስጥ ይቆይሽ። በጋቢው ፈንታ ወፍራም ሹራብና ኮፍያ ያዢ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት የጓሳው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። ስሊፒንግ ባግ ላይ አትሰስቺ። ከሰው መዋስ ከቻልሽ ተዋሺ፤ በዓመት ሁለቴ ለምትጠቀሚበት ነገር ገንዘቡን ቦርሳው ላይ አውዪው።

ወደፊት ስሜን ተራሮች ለመሄድ ካሰብሽም ይኸው ቦርሳ አይቀየርም። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያልሽ ብዙ ቀን ብትሄጂም ትልቁን ጓዝ በቅሎ ነው የሚጭነው። አንቺ የምትይዢው የቀኑን ብቻ ነው። 60 ሊትር ገዝተው በቅሎ ላይ የጫኑ፣ ለቀኑ ደግሞ ፌስታል በእጃቸው ያንጠለጠሉ ሰዎች መርቻለሁ። አሳዝነውኛል።

ዝናብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አንዳንድ ቦርሳ ከሥሩ የሚወጣ የዝናብ ልባስ አለው። ጥሩ ነው፤ ግን አትመኚው። ውሃ በጀርባሽ በኩል፣ በማንገቻው ሥር ይገባል፤ ነፋስም ይገልጠዋል። የሚያስተማምነው ውስጡ ነው። ወፍራም ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ዘርጊ፤ ዕቃሽን በሙሉ እሱ ውስጥ ከትተሽ አፉን ጠምዝዘሽ እጠፊው። ነሐሴ ላይ ወጨጫ ስንወጣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘንቦብን ነበር። ቦርሳዬ ሲጨመቅ ውሃ ያወርድ ነበር። ሹራቤ ደረቅ ነበር።

እህትሽ ታምጣ ወይስ መርካቶ? እህትሽ ጥቅምት ላይ የምትመጣ ከሆነ እሷ ታምጣልሽ። ለምን መሰለሽ፣ እዚያ በጀርባ ልክ የተለያየ ቦርሳ ይገኛል። ስትነግሪያት ግን «30 ሊትር አምጪልኝ» ብለሽ አታቁሚ። የጀርባሽን ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የዳሌሽን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ላኪላት። ከብራንድ ኦስፕሬይ ለሴቶች ቴምፔስት የሚል አለው፤ የወንዶቹ ታሎን ይባላል። ላንቺ እኔ የማስቀድመው ቴምፔስትን ነው፤ ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል። ዶይተር ኤስ ኤል የሚል ምልክት የሚያደርግባቸው የሴት ልክ ናቸው። ግሪጎሪ ደግሞ ጄድ የሚባለው አለው፤ እሱ ባለ መረቡ ነው። ያገለገለም አትናቂ። አር ኢ አይ የሚባለው የካምፕ ዕቃ መደብር ሰው ተጠቅሞ የመለሰውን በቅናሽ ይሸጣል። አንድ ሁለት ዓመት የተያዘ ቦርሳ ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

ከመርካቶም ሆነ ከሰልቫጅ ጥሩ ቦርሳ ይገኛል፤ እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ከዚያ ነው የገዛሁት። ግን ዓይን ይፈልጋል። ስመ ጥር አርማ ያለበት ሁሉ የዚያ ድርጅት ሥራ አይደለም። አርማውን ተዪና ስፌቱን እዪ። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልጠሽ ተመልከቺ። ክሩ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ የደነደነ መሆን አለበት። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ተዪው። በአንድ እጅሽ ማንገቻውን፣ በሌላው ቦርሳውን ይዘሽ ጠበቅ አድርገሽ ሳቢ። ስፌቱ አፉን ከፍቶ ብርሃን ካሳየሽ መልሺለት። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ፤ ማዕዘኑ ላይ ከያዘ ቦርሳው ሲሞላ ይፈነዳል። ክሊፑ ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይስጥ። የወገቡን ክንፍ በጣቶችሽ ጨምቂው፤ ተጨምቆ ቶሎ ካልተመለሰ ስፖንጁ ከሁለት ወር በኋላ ጨርቅ ይሆናል።

ጨርቁን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። 210 ዴኒየር የሚባለው ውፍረት ላንቺ አካሄድ በቂ ነው። ታችኛው ወለሉ ወፈር ቢል ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ላይ የምናስቀምጠው በእሱ ነው። የተቀደደ ቦርሳ ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ ይጠገናል። የማይጠገነው የጀርባ ልክ ነው።

አሁን ዋናው ሙከራ። ሱቅ ስትሄጂ አራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ ይዘሽ ሂጂ፤ አንድ ሹራብም ጨምሪ። 8 ኪሎ ሆነ፤ የጓሳ ሌሊትሽ ሸክም ማለት ነው። ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ባለሱቁ ቢገረም አይግረምሽ፤ ፈገግ ብለሽ ጠይቂው፣ ይፈቅድልሻል። ውሃዎቹን ከጀርባው በኩል አጣብቀሽ አቁሚያቸው፤ ሹራቡን ከፊት ለፊታቸው ጠቅጥቂ።

ከማዘልሽ በፊት ሁሉንም ማሰሪያ አላሊ። አዝዪው። ጎንበስ በዪና ወደ ላይ ገፋ አድርጊው፣ እንደ እናቶቹ። ቀበቶውን ዳሌሽ ላይ እሰሪ። ቀና በዪ። ከዚያ ነው ማንገቻው የሚጠብቀው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ማንገቻውን ቀድሞ ያጠብቅና ቀበቶው ሆዱ ላይ ይወጣበታል። ማንገቻው ትከሻሽን ዞሮ ይቀመጥ፤ ግን አይጫነው። ጣትሽ ሥሩ በቀላሉ ይግባ። የደረቱን ማሰሪያ በመጨረሻ፣ ከአንገትሽ አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ አድርገሽ፣ ላላ አድርገሽ ዝጊ። ዳገት ላይ በረጅሙ ስለምትተነፍሺ እሱ መጥበቅ የለበትም። ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የሚሄድ ትንሽ ጥብጣብ ካለ ሳብ አድርጊው፤ የቦርሳውን ራስ ወደ አንቺ ያመጣዋል። በትናንሽ ቦርሳ ላይ ባይኖርም ችግር የለም።

አሁን ደረጃ ፈልጊ። ውጪ ውረጂ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አትወስኚ። ጎንበስ ብለሽ የጫማሽን ክር እሰሪ፤ ቦርሳው ጭንቅላትሽን ከመታው ረዝሞብሻል። ቀና ብለሽ ሰማይ እዪ፤ አናትሽ ከቦርሳው ጋር መጋጨት የለበትም። ከጎን ያለውን ውሃ ሳታወርጂው አውጥተሽ መልሺ። ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ውሃውን ለማውጣት ማውረድ የሚያስፈልገው ቦርሳ የያዘ ሰው ሲጠማው «ቆይ ደርሰን» እያለ ሳይጠጣ ይውላል። ከሰዓት ራሱን ያመዋል።

እህትሽ ያመጣችውንም እንደዚሁ ቤት ውስጥ ሞክሪው። መለያ ወረቀቱን ሳትቆርጪ፣ በሃይላንዶቹ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቤት ውስጥ አዝለሽው ሥራሽን ሥሪ። ካልሆነ ስትመለስ ይዛው ትሂድና ትመልስልሽ።

ጥቅምት እስኪደርስ የላፕቶፕ ቦርሳሽን መያዝሽ አይቀርም። ማንገቻዎቹን አሳጥሪያቸው፤ ታቹ ከዳሌሽ እንዳይወርድ። ላፕቶፕ የሚገባበት ኪስ ከጀርባሽ ጋር የተጣበቀው ነው፤ ውሃውን እዚያ አድርጊ፣ በሁለት ባለ አንድ ሊትር ከፍለሽ ጎን ለጎን። ምሳሽን ከብርጭቆ ዕቃ አውጥተሽ ቀላል ነገር ውስጥ ክተቺ። ሲደመር ከ4 ኪሎ አይለፍ። የተረፈውን ከጓደኞችሽ ጋር ተከፋፈሉት።

የጀርባሽን ልክ ስትለኪ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ከጎን የተነሳሽው ፎቶም ካለ ላኪልኝ፣ ቦርሳውን አዝለሽ። ማንገቻው የት ጋ እንደሚለቅ፣ ቀበቶው የት ጋ እንደሚያርፍ አይቼ የሚስተካከለውን እነግርሻለሁ።